የቡሬ ዜሮ

ደብረ ማርቆስ፣ አንድ የገበሬዎች ዩኒየን ውስጥ እሠራ ነበር። ከየከተማው መጋዘን የሚላከውን የእህል ግዥ የሚደምር አጭር ፕሮግራም ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ጻፍኩ። ዲ ድራይቭ ላይ ለእያንዳንዱ ከተማ ፎልደር አለ። ስሙ በትንንሾቹ የእንግሊዝኛ ፊደላት ነው የተጻፈው።

የመጀመሪያው ሪፖርት ወጣ። ደጀን፣ ሉማሜ፣ ደምበጫና ሞጣ ልክ ናቸው። ቡሬ፣ ቢቸናና ፍኖተ ሰላም ግን ዜሮ።

ኃላፊያችን ወዲያው ቡሬ ደወሉ። መጋዘኑን የሚይዙት ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ትልቅ ሰው ናቸው። «በበቆሎ ወቅት ዜሮ ኩንታል?» ተባሉ። «ኧረ ልኬያለሁ! ደረሰኙም እጄ ላይ ነው» ሲሉ ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል። ለመጋዘን ሰው እህል ጎደለ መባል ቀላል ነገር አይደለም። ስም ነው የሚጠፋው።

ፎልደሩን ከፈትኩ። ፋይሉ አለ! ፕሮግራሙ የሚፈልገውን አድራሻ ስክሪን ላይ እንዲያወጣ አደረግኩ። ቡሬ «ዱሬ» ሆና ወጣች። ቢቸናም «ዲቸና»።

ያኔ ገባኝ። ፓይተን ባክስላሽን፣ ማለትም በፋይል አድራሻ ውስጥ ፎልደሮችን የሚለየውን ያዘነበለ ሰረዝ፣ ከሚከተለው ፊደል ጋር አጣምሮ እንደ ሌላ ምልክት ያነበዋል። ኢስኬፕ ሲኩዌንስ የሚባለው ይኼ ነው። ከኤን ጋር አዲስ መስመር፣ ከቲ ጋር ታብ ይሆናል፤ እነዚህን አውቃቸው ነበር። ከቢ ጋር ግን ባክስፔስ፣ ከኤፍ ጋር የገጽ መቀየሪያ ነው። ቡሬና ቢቸና በቢ፣ ፍኖተ ሰላም በኤፍ ይጀምራሉ። ቢው ከባክስላሹ ጋር ባክስፔስ ሆኖ ስክሪኑ ላይ ከዲ ቀጥሎ ያሉትን ሁለት ነጥቦች ስላስጠፋ ነው ቡሬ «ዱሬ» የሆነችው። የደጀን ዲ፣ የሉማሜ ኤል፣ የሞጣ ኤም እንዲህ ያለ ትርጉም ስለሌላቸው እንዳሉ አለፉ። በፈረንጆች 2023 የወጣው ፓይተን 3.12 እነዚህንም ሲያይ በግልጽ ያስጠነቅቃል። የእኛ የቆየ ስለነበር ዝም አለ።

አድራሻው ከሚጀምርበት የጥቅስ ምልክት በፊት አር ፊደል ጨመርኩ፤ ባክስላሹ እንዳለ ይነበባል። ባክስላሹን ደርቦ መጻፍም ይሠራል።

ያንገበገበኝ ሌላው መስመር ነው። «ፋይሉ ካልተገኘ ዜሮ ያዝ» ብዬ ጽፌ ነበር። ዜሮ ያየ ሰው ደግሞ «ቡሬ አልገዛችም» ብሎ ነው የሚረዳው። አሁን ፋይል ሲታጣ ፕሮግራሙ አድራሻውን ጽፎ ይቆማል።

ቡሬ ደወልኩ። «ጋሼ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኳቸው።

ትንሽ ዝም አሉ። «እግዜር ይስጥህ ልጄ። ይኼንኑ ለአለቃህ ንገርልኝ» አሉኝ።

ስልኩን ሳልዘጋ ወደ ኃላፊያችን ቢሮ ገባሁና ሁለቱን አገናኘኋቸው።