መሬት ውስጥ የገባች ከተማ

ዛሬ ኩበር ፔዲ ዋልኩ። ከአደላይድ ወደ ሰሜን 850 ኪሎ ሜትር ገደማ ተነድቶ የሚደረስባት የአውስትራሊያ የኦፓል ከተማ ናት፤ ኦፓል በቀለማት የሚያብረቀርቅ የከበረ ድንጋይ ነው። ዛፍ የለም ማለት ይቻላል። ዓይን እስኪደክም የሚታየው ከጉድጓድ የወጣ አፈር ክምር ብቻ ነው። በየቦታው «ወደ ኋላ አትራመዱ» የሚል ማስጠንቀቂያ ተተክሏል። ለሰልፊ የሚሆን አገር አይደለም!

እዚህ ኦፓል የተገኘው በ1915 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያገኘው ደግሞ አባቱ ወርቅ ፍለጋ ይዞት የመጣ የ14 ዓመት ልጅ። በበጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ ብዙው ሰው ዓለቱን ፈልፍሎ ከመሬት በታች ይኖራል። ቤቶቹ ያለ ኤሲ ይቀዘቅዛሉ። ግድግዳው ላይ የመቆፈሪያው ማሽን ጥርስ የጫረው ክብ ክብ መስመር እንዳለ ነው። ሥዕል የሰቀሉበትም አለ።

የሰርቢያ ኦርቶዶክሶች የነቢዩ ኤልያስ ቤተ ክርስቲያንም እንዲሁ ተፈልፍሎ የተሠራ ነው። ላሊበላ ትዝ ትላለች፣ መቼም። በሩ ላይ ጫማዬን ላወልቅ ጎንበስ ስል፣ ሌላው ሰው እንደተጫማ ዘው ይላል።

ኦፓል ሱቅ ገብቼ ከየት እንደሆንኩ ስነግራቸው ሽማግሌው ሻጭ «የወሎው ኦፓል ውሃ ይጠጣል» አሉኝ፣ ከንፈራቸውን ጠመም አድርገው። እውነት ነው፣ ውሃ ውስጥ ሲነከር ቀለሙ ይለወጣል፤ ሲደርቅ ይመለሳል። እኔ ግን አሁንም የወሎ ደላንታው ኦፓል ይበልጥብኛል። አድልዎ ነው ካላችሁም በሉ።