ከድሬዳዋ ሙቀት ለደብረ ብርሃን ብርድ፦ ኮፍያና ጣቱ ክፍት ጓንት

የቅርብ ጓደኛዬ በሥራ ዝውውር ወደ ደብረ ብርሃን ከሄደች ወዲህ በስልክ የምናወራው ብዙውን ጊዜ ስለ ብርድ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ስትሆን ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ሌሊቱ ውርጭ ይጥላል። ጠዋት ቢሮ ገብታ ኮምፒውተር ፊት ስትቀመጥ ጣቶቿ እንደሚደነዝዙ፣ ሙሉ ጓንት ካደረገች ደግሞ መጻፍም ሆነ ስልኳን መንካት እንደማትችል ደጋግማ ነግራኛለች። ስለዚህ ጣቱ ክፍት የሆነ ጓንትና ከእርሱ ጋር የሚሄድ ኮፍያ በሹራብ መርፌ ልሠራላት ወሰንኩ።

ከአንድ ክር የተሠሩ ሁለት ነገሮች ሁሉ አብረው ይሄዳሉ ማለት አይደለም። ኮፍያና ጓንት የአንድ እጅ ሥራ መሆናቸው የሚታወቀው በጠርዛቸው ነው ብዬ አምናለሁ፤ ጠርዙ በሁለቱም ላይ በአንድ ዓይነት መንገድ ከተሠራና የቀለሙ ቅደም ተከተል ካልተለወጠ፣ የቀረው ሁሉ ተራ ቢሆን እንኳ ማንም አይቶ ይለያቸዋል። ቀለሙን ስመርጥ ያሰብኩት ሐረር ያለውን የወላጆቿን ቤት ነው። እናቷ ሳሎን ግድግዳ ላይ የሰቀሏቸው የሐረር ስፌቶች ከልጅነታችን ጀምሮ ዓይኔ ውስጥ ያሉ ናቸው፤ ስለዚህ መደቡን ጥቁር ቀይ አድርጌ ከጠርዙ በላይ ሁለት ዙር ቢጫና ሁለት ዙር አረንጓዴ አስገባሁ። ክሩን ከሱቅ የወሰድኩት ሁሉንም በአንድ ጊዜ ነው። በማሸጊያ ወረቀቱ ላይ ከቀለሙ ቁጥር ሌላ ክሩ በየትኛው ዙር እንደተነከረ የሚያሳይ ቁጥር ይታተማል፤ ይህ ቁጥር ከተለያየ፣ ሱቅ ውስጥ አንድ የሚመስለው ቀይ ፀሐይ ላይ ሲወጣ ሁለት ቀይ ሆኖ ይታያል።

ስለ ክሩ ዓይነት ብዙ አሰብኩ። ደብረ ብርሃን የበግ አገር ናት፤ የብርድ ልብስ ፋብሪካዋም የታወቀ ነው፤ በመንዝ ከበግ ጠጉር የሚሠራው ባናም ከብርድ የሚያድን ልብስ ነው። ንጹሕ የበግ ጠጉር እርጥበትን እስከ ክብደቱ ሲሶ ገደማ ድረስ ውጦ እንኳ ሲነኩት እርጥብ አይመስልም፤ ለጉምና ለካፊያ አገር የሚመች ጠባይ ነው። ነገር ግን ሸካራው ዓይነት ግንባርን ይኮሰኩሳል፣ በሙቅ ውሃ ታሽቶ ሲታጠብም ይኮማተራል። አክሪሊክ በበኩሉ አይኮማተርም፣ ሙቀት የመያዝ አቅሙ ግን ከሱፍ ያንሳል፣ የጋለ ካውያ ሲነካውም ይበላሻል። ጓደኛዬ ልብሷን በእጇ ስለምታጥብ ሁለቱ የተቀላቀሉበትን ክር መረጥኩ፤ በዚህም ምርጫዬ ደስተኛ ነኝ።

በድሬዳዋ ሙቀት ሹራብ ለሚሠራ ሰው እንዲህ ያለ ትንሽ ሥራ ይመቻል። ሙሉ ሹራብ እያደገ ሲሄድ ጭን ላይ ተኝቶ ያግላል፤ ጓንት ግን ከእጅ መዳፍ አይበልጥም። እኔ የምሠራው ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታና ማታ ነፋስ መንፈስ ሲጀምር ነው፤ እኩለ ቀን ላይ ላብ ያረጠበው እጅ ክሩን ስለሚይዘው አሠራሩ ይጠብቃል፣ ማታ የተሠራው ደግሞ ይላላል፤ ይህ ልዩነት በተለይ በጓንት ላይ በግልጽ ይታያል።

ልኩን በስልክ ላከችልኝ፦ የራሷ ዙሪያ 56 ሴንቲ ሜትር፣ የመዳፏ ዙሪያ 19። ጸጉሯን ብዙ ጊዜ ሹሩባ ስለምትሠራ ለአፍሮ የሚያስፈልገውን ያህል ጥልቀት አልጨመርኩም። በያዝኩት ክርና መርፌ 10 ሴንቲ ሜትር ላይ 20 ዐይን (በመርፌው ላይ የሚያዝ አንድ የክር ቀለበት) በወርድ፣ 28 ዙር በቁመት ይወጣል። ኮፍያ ራስን እንዲይዝ ከራሱ ልክ አራት አምስት ሴንቲ ሜትር መጥበብ ስላለበት 104 ዐይን ጀመርኩ፤ ለጓንቱ ደግሞ 36 በቂ ነበር። ሁለቱም ቁጥሮች ለአራት ስለሚካፈሉ ጠርዙን ሁለት በፊት፣ ሁለት በጀርባ እያደረግሁ ሳላቆራርጥ ማዞር ቻልኩ። ጠርዙ የሚለጠጠውም በዚህ አሠራር ነው።

የጀመርኩት ከጓንቱ ነው፤ ለሚጠይቀኝም ሁሉ የምመክረው ይህንኑ ነው። ጓንቶቹ ሁለት ስለሆኑ ፍጹም አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው፤ ስለዚህ ክሩ ሞልቶ ሳለ መሠራት አለባቸው። ክር የሚያጥር ከሆነ በኮፍያው አናት ላይ ይጠር፤ እዚያ ሌላ ቀለም ቢገባ ያምራል እንጂ አያስነውርም።

የጓንት ከባዱ ቦታ የአውራ ጣት ሥር ነው። የእጅ አንጓውን ስምንት ሴንቲ ሜትር ያህል ከሠራሁ በኋላ በጎን በኩል አንዷን ዐይን ለይቼ፣ በየሦስተኛው ዙር ከግራዋና ከቀኟ አንዳንድ እየጨመርኩ 13 እስክትሆን አሳደግኋት። እነዚህን 13 ዐይኖች በሌላ ክር ላይ አሳርፌ፣ በቦታቸው አንድ አዲስ ዐይን ጀምሬ መዳፉን እስከ ጣቶቹ ሥር ቀጠልኩ። ከዚያ ወደ አውራ ጣቱ ስመለስ በተለየበት ጥግ ላይ ክፍተት ይታያል፤ ብርዱ የሚገባው በዚያ ነው። ከክፍተቱ ላይ ሦስት ዐይን አንሥቼ 16 አደረግኋቸውና፣ የተነሡትን በመጀመሪያው ዙር ጠምዝዤ ሠራኋቸው፤ ሲጠመዘዙ ክሩ ስለሚሻገር ቀዳዳው ይዘጋል። ከውስጥ በኩልም የክሩን ጫፍ በዚያው ጥግ ዙሪያ በመርፌ አዙሬ ሰፋሁት። አውራ ጣቱ በጎን ላይ ስለሚያርፍ ጓንቶቹ ግራና ቀኝ የላቸውም፤ ጠዋት በጨለማ ለምትወጣ ሴት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ኮፍያው ከዚህ በኋላ ቀላል ነበር። በክብ ሲሠራ ቀለም በሚቀየርበት ቦታ ትንሽ ደረጃ ስለሚፈጠር፣ በኮፍያው ላይ ከኋላ፣ በጓንቱ ላይ በትንሿ ጣት በኩል እንዲሆን አደረግሁ። ቁመቱ 13 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ዐይኖቹን በስምንት ክፍል መድቤ በየሁለተኛው ዙር ከየክፍሉ አንዳንድ ቀነስኩ፤ ስምንት ብቻ ሲቀሩ ክሩን በመካከላቸው አሳልፌ ሳብኩት። አናቱ ላይ የክር ኳስ አላደረግሁም። ጓደኛዬ እሑድ ገና ሳይነጋ ለቅዳሴ ስትሄድ ኮፍያውን ከነጠላዋ ሥር እንደምታደርገው ስለነገረችኝ፣ ነጠላው ላይ ጉብ ብሎ የሚታይ ነገር አልፈለግሁም፤ በዚሁ ምክንያት የኮፍያውን ጠርዝ የማይታጠፍ አድርጌ ተውኩት።

ሦስቱንም በለብታ ውሃ አጥቤ፣ ሳልጨምቅ በፎጣ ጠቅልዬ ውሃውን ካወጣሁ በኋላ ጥላ ውስጥ ዘርግቼ አደረቅኋቸው። ከእያንዳንዱ ቀለም የተረፈውን ክር ከአንድ መርፌ ጋር በትንሽ ላስቲክ አድርጌ እቃው ውስጥ ጨመርኩላት፤ ጽሕፈት ለሚያዘወትር ሰው ጓንት ቀድሞ የሚሳሳው መዳፉ ጠረጴዛ ላይ በሚያርፍበት በኩል ነው፣ ገና ሳይቀደድ ከላዩ በዚያው ክር ቢደገም ብዙ ክረምት ያገለግላል።