ጅብ ስንት ዓይነት ነው?

ዛሬ ማታ የእህቴ ልጅ ደብተሩን ይዞ መጣ። እርሳሱን እያኘከ «አጎቴ፣ ጅብ ስንት ዓይነት ነው?» አለኝ። «ጅብ ያው ጅብ ነው» ብዬ ልገላገል ነበር። ደግነቱ ስልኬ እጄ ላይ ነበር።

ለካ አራት ነው! ሌሊት ሲጮህ የምንሰማው ባለነጠብጣቡ ነው። ባለመስመሩም አገራችን አለ። ቡናማው የሚኖረው ወደ ደቡባዊ አፍሪካ ነው። አራተኛው ግን አሳቀኝ። አጥንት መቆርጠም ትቶ ምስጥ እየላሰ የሚኖር ጅብ! በአንድ ሌሊት ከ200,000 በላይ ይልሳል። ፎቶውን ሳሳየው ልጁ «ይሄ እኮ ቀበሮ ነው» ብሎ ድርቅ አለ።

እሱ ተኛ፣ እኔ ቀጠልኩ። የሜዳ አህያ 3 ዓይነት ነው፤ ሁለቱ እኛ ጋ አሉ። የሌሊት ወፍ ግን ከ1,400 በላይ! ከአጥቢ እንስሳት ዝርያ ከአምስቱ አንዱ ገደማ እሷ ናት። እኛ ደግሞ «ወፍ» ብለን ስም አውጥተንላታል። አይጥና ዘመዶቿ ከ2,000 ይበልጣሉ። አንበሳ ስንት ነው? አንድ። ያ ሁሉ ጉራ በአንድ ዝርያ!

አሁን ደብተሩን ገለጥ አድርጌ አየሁት። «4» ብሎ ጽፏል። ከጎኑ ግን ትልቅ የጥያቄ ምልክት አድርጎበታል።