በጥፊ የሚከፈተው ሜኑ

በሴጋ ሜጋ ድራይቭ የጨዋታ ኮንሶል ላይ «ሶኒክ 3ዲ ብላስት»ን እየተጫወቱ ካርትሪጁን (ጨዋታው የተጫነበትን ተነቃይ ሳጥን) ከጎኑ መታ ቢያደርጉት የሚጠበቀው ስክሪኑ ደርቆ መቅረቱ ነው። ይህ ጨዋታ ግን ሌቭል መምረጫውን፣ ማለትም ወደተፈለገው ሌቭል የሚያስገባውን ሜኑ፣ ይከፍታል። ብዙ ተጫዋቾች አዘጋጆቹ የደበቁት ስጦታ አድርገው ነው ያዩት። ሆን ተብሎ መደረጉ እውነት ነው፤ ስጦታ መሆኑ ግን ያጠራጥራል።

ጨዋታው የወጣው በ1996 እ.ኤ.አ. ነው። የሠራው የእንግሊዙ ትራቭለርስ ቴልስ ሲሆን፣ የድርጅቱ መሥራችና ፕሮግራመር ጆን በርተን ከብዙ ዓመታት በኋላ ጉዳዩን ፍርጥ አድርጎ ተናግሯል። አንድ ጨዋታ ካርትሪጅ ላይ ከመጫኑ በፊት የሴጋ ቴስተሮች እጅ ይገባል። ቴስተሮቹ ሲያገላብጡት አንድ ቦታ ላይ ክራሽ ካደረገ ተቀባይነት አያገኝም፤ ይመለሳል፣ ባጉ ይታደናል፣ ይስተካከላል፣ እንደገና ወረፋ ይይዛል። በዚያ ዘመን ደግሞ ካርትሪጅ አንዴ ከታተመ በኋላ አፕዴት የሚባል ነገር የለም። የበርተን መላ አጭር ነበር፦ ጨዋታው በማንኛውም ምክንያት ክራሽ ሲያደርግ ወደ ሌቭል መምረጫው ይሂድ። ቴስተሩ ብልሽት ሳይሆን ምሥጢር ያገኘ ይመስለዋል።

ይህን የሚቻል ያደረገው የሜጋ ድራይቩ 68000 ፕሮሰሰር ነው። 68000 ግራ የሚያጋባው ነገር ሲገጥመው ዝም ብሎ አይቀጥልም። ሚሞሪው መጀመሪያ ላይ የአድራሻዎች ሠንጠረዥ አለ፤ እያንዳንዱ አድራሻ 4 ባይት ይይዛል። ከ8ኛው ባይት የሚነሣው ለባስ (መረጃ ለሚመላለስበት መስመር) ስህተት፣ ከ12ኛው ለአድራሻ ስህተት፣ ከ16ኛው ለማይታወቅ ትእዛዝ፣ ከ20ኛው ደግሞ ለዜሮ ማካፈል ነው። ችግሩ ሲፈጠር ፕሮሰሰሩ የያዘውን ሥራ ጥሎ እዚያ የተጻፈው አድራሻ ላይ ያለውን ኮድ ያስኬዳል። አራቱም ቦታ ላይ የአንድ ሩቲን (የኮድ ቁራጭ) አድራሻ ከተጻፈ ሁሉም ብልሽት በአንድ በር ይወጣል ማለት ነው።

ጥፊውም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ካርትሪጁ ሲነቃነቅ ከኮንሶሉ ጋር የሚገናኙት የመዳብ ጥርሶች ለቅጽበት ይለቃሉ፤ ፕሮሰሰሩም በዚያች ቅጽበት የተሳሳተ ባይት ያነባል። ያነበበው ቁጥር ትእዛዝ ካልሆነ የማይታወቅ ትእዛዝ ስህተት ይነሣል። ቁጥሩ አድራሻ ሆኖ ጎዶሎ ከወጣና ከዚያ ላይ ሁለት ባይት በአንዴ ሊያነብ ከሞከረ ደግሞ የአድራሻ ስህተት ነው፤ 68000 እንዲህ ያለውን ንባብ ከጎዶሎ አድራሻ አይቀበልም። ካርትሪጅ መምታት ሃርድዌሩን ስለሚጎዳ ማንም እንዲሞክረው አይመከርም። ያው ሜኑ «ፕሬስ ስታርት» በሚለው ስክሪን ላይ ቢ፣ ኤ፣ ቀኝ፣ ኤ፣ ሲ፣ ላይ፣ ታች፣ ኤ ሲጫኑ በሰላም ይከፈታል።

ዘዴውን በ68000 ላይ መድገም ለሚፈልግ ሰው ዋናው ሥራ ያለው በሩቲኑ ውስጥ ነው። መጀመሪያ የኢንተራፕት (ፕሮሰሰሩን ከያዘው ሥራ የሚያቋርጥ ጥሪ) ደረጃውን ወደ 7 ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ግማሽ በተበላሸ ሚሞሪ ላይ የስክሪን ኢንተራፕቱ እየገባ ሌላ ክራሽ ይጨምራል። ቀጥሎ የስታክ (ፕሮሰሰሩ ጊዜያዊ መረጃ የሚቆልልበት ሚሞሪ) ጠቋሚው ጨዋታው ሲነሣ ወደነበረበት ቦታ ይመለሳል። ይህን መዝለል ብዙ ጊዜ የሚታይ ጥፋት ነው። ፕሮሰሰሩ ስህተት በተነሣ ቁጥር ስታክ ላይ መረጃ ይጥላል፤ ለተራ ስህተት 6 ባይት፣ ለአድራሻና ለባስ ስህተት 14 ባይት። ማንም ካላጸዳው ከጥቂት ክራሽ በኋላ ስታኩ የጨዋታውን ዳታ እየበላ ይወርዳል። ከዚያ 64 ኪሎባይቱን ራም ማጽዳት፣ የቪዲዮ ቺፑን እንደ አዲስ ማስነሣት፣ ድምፁንም ማጥፋት ይከተላል። ድምፁ ከተረሳ ሜኑው ይከፈትና አንድ ኖታ ሳያቋርጥ እየጮኸ ይቀራል። በመጨረሻ ወደ ሜኑው በቀጥታ መዝለል ነው። ከኢንተራፕት የመመለሻውን ትእዛዝ መጠቀም አይሆንም፤ ፕሮሰሰሩን ወደዚያው ወደተበላሸው ቦታ ይመልሰዋል።

እውነቱን ለመናገር ይህ ብልጠት እንጂ ጥገና አይደለም፤ ደግሞም የሚይዘው ክራሽን ብቻ ነው። ኮዱ ማለቂያ የሌለው ዙር ውስጥ ከገባ ፕሮሰሰሩ በራሱ ዓለም ጤነኛ ስለሆነ ምንም ስህተት አይነሣም፤ ስክሪኑ ግን ቀጥ ይላል። ለዚህ ሌላ ዘዴ ያስፈልጋል፦ በየፍሬሙ የሚነሣው የስክሪን ኢንተራፕት አንድ ቆጣሪ ይጨምራል፣ ዋናው ዙር ደግሞ በየዞረበት ወደ ዜሮ ይመልሰዋል። በሴኮንድ 60 ፍሬም በሚሄድ ኮንሶል ላይ ቆጣሪው 180 ከደረሰ ጨዋታው ለ3 ሴኮንድ ቆሟል ማለት ስለሆነ ወደዚያው ሩቲን ይላካል። ሌቭል ሲጫን የሚፈጀው ጊዜ ከ3 ሴኮንድ ከበለጠ ግን ቆጣሪው ጤነኛውን ጨዋታ ይገድለዋል፤ መጫኛው ውስጥም ማጽዳት የግድ ነው።

ሌላው አደጋ ቤት ውስጥ ነው። በልማት ላይ ያለው ቅጂም በዚሁ መንገድ ከተሠራ የራስ ቴስተሮችም «ሜኑ ተከፈተ» ብለው ያልፉታል፤ ባጉም ሳይመዘገብ ይቀራል። የልማት ቅጂው የ16ቱን ሬጅስተሮች (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያሉ ትንንሽ ማከማቻዎች) ይዘትና ክራሹ የተነሣበትን አድራሻ በስክሪኑ ላይ ጽፎ ይቁም፤ ወደ ሜኑ የሚዘለው ለገበያ የሚወጣው ብቻ ይሁን።

የ1985ቱ «ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ» እንዲህ ያለ መረብ የለውም፤ ቢፈለግም አይገኝም ነበር። ጨዋታው የተሠራለት የኒንቴንዶ ኮንሶል የፋሚኮም ፕሮሰሰር 6502 ከሚባለው ፕሮሰሰር ዘር ነው፤ ለጎዶሎ አድራሻም ሆነ ለማይታወቅ ትእዛዝ የሚነሣ ስህተት የለውም። የተሰጠውን ባይት ይወስድና ይሄዳል። ዝነኛው «ዓለም −1»ም የተሳሳተ ባይት ዝም ብሎ ከመውሰድ የመጣ ነው።

ወደዚያ ለመግባት በ1-2 (የዓለም 1 ሁለተኛ ሌቭል) መጨረሻ፣ ከመውጫው ቧንቧ በላይ ያሉት ጡቦች በትልቁ ማሪዮ ይሰበራሉ፤ ግድግዳውን የነካው አንዱ ብቻ ይቀራል። ከዚያ ቧንቧው ግራ ጠርዝ ላይ ፊትን ወደ ግራ አዙሮ፣ ቁጢጥ ብሎ ወደ ኋላ እየዘለሉ የቀረውን ጡብ ጥግ መንካት ነው። ጨዋታው ማሪዮን ግድግዳ ውስጥ ሲያገኘው ሊያወጣው ይገፋዋል፤ ቦታው በትክክል ከተያዘ የሚገፋው ወደ ቀኝ፣ ማለትም በግድግዳው ውስጥ አሳልፎ ነው። ወዲያ እንደተሻገሩ የዋርፕ ዞኑ (ወደ ሌላ ዓለም የሚያዘልሉ ቧንቧዎች ያሉበት ቦታ) ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ሳይወጣ ወደ መጀመሪያው ቧንቧ መግባት አለበት። አንድ እርምጃ ካሳለፉና ጽሑፉ ከተጫነ የሚገኘው ተራው ዓለም 4 ነው።

ምክንያቱ በጣም የሚያምር ነው። ለእያንዳንዱ ዋርፕ ዞን አንድ የቁጥሮች መስመር አለ። የ1-2 መስመር 4፣ 3፣ 2 ይላል። በ4-2 መጨረሻ ያለው ዞን ግን አንድ ቧንቧ ብቻ ስላለው መስመሩ 36፣ 5፣ 36 ነው። 36 በጨዋታው የምስል ሠንጠረዥ ውስጥ ባዶ ቦታ የሚያሳይ ምስል ነው፤ ያስገቡት ከ5 ግራና ቀኝ ምንም እንዳይጻፍ ብለው ነው። ጉዱ ያለው ያው ባይት ስክሪኑ ላይ የሚጻፈውን ምስልም፣ ቧንቧው የሚያደርሰውን ዓለምም የሚወስን በመሆኑ ላይ ነው። ጽሑፉ ከመጫኑ በፊት ሲገባ በ1-2ም የሚነበበው ይህ መስመር ነው፤ ስለዚህ የመሐሉ ቧንቧ ወደ 5-1፣ ዳርና ዳሩ ወደ «ዓለም 36» ይወስዳሉ፤ 36 ባዶ ምስል ስለሆነ ስክሪኑ ላይ የሚታየው «−1» ብቻ ነው። ዓለሞቹ 8 ብቻ ስለሆኑ ጨዋታው ከሠንጠረዡ አልፎ ያገኘውን ባይት ያነባል። ያ ባይት በካርትሪጁ ቅጂ 2-2 እና 7-2 ላይ ያለውን የውኃ ሌቭል ይጠራል፤ መጨረሻው ላይ ያለው ቧንቧም ወደዚያው ሌቭል መነሻ ይመልሳል። ሰዓቱ አልቆ ሕይወቶቹ እስኪያልቁ መውጫ የለም። በፋሚኮም ዲስክ ቅጂው ውስጥ ሌላ ባይት ስለተነበበ −1፣ −2 እና −3 የሚባሉ ሦስት ሌቭሎች ይመጣሉ፤ እነሱም ያልቃሉ። 40 ኪሎባይት ውስጥ ለታጨቀ ጨዋታ አንድን ባይት ለሁለት ሥራ ማዋል ስንፍና አይባልም። ቁጥሩ ከ8 እንዳይበልጥ የሚያጣራ ቼክ ቢኖር ግን ዓለም −1 አይኖርም ነበር።

የ1981ዱ «ዶንኪ ኮንግ» ያለፈውም ያንኑ ዓይነት ድንበር ነው። የሌቭሉ ሰዓት የሚሰላው የሌቭሉ ቁጥር በ10 ተባዝቶ 40 ሲጨመርበት ነው። ሌቭል 22 ላይ ውጤቱ 260 ይሆናል፤ 8 ቢት ከ255 በላይ ስለማይዝ የሚቀረው 4 ብቻ ነው። ሰዓቱ በጥቂት ሴኮንድ ያልቅና ተጫዋቹ ይሞታል።

ወደ ሌቭል መምረጫው እንመለስ፤ ይህ ሜኑ ከመነሻው የሠራተኛ መሣሪያ ነው። የጨዋታውን የመጨረሻ አለቃ (ትልቁን ጠላት) የሚፈትን ሰው በየጊዜው ከመጀመሪያው ሌቭል አይነሣም። ስለዚህ ሲሠራ ይገባል፣ ሲጨረስ በቁልፍ ይደበቃል። በ1992ቱ «ሶኒክ 2» ቁልፉ ኦፕሽንስ ውስጥ ባለው የድምፅ መሞከሪያ 19፣ 65፣ 09፣ 17 ማጫወት ነው፤ የፕሮግራመሩ የዩጂ ናካ ልደት፣ መስከረም 17 ቀን 1965 እ.ኤ.አ.። ከዚያ መግቢያው ገጽ ላይ «ኤ» የሚለውን ቁልፍ እንደያዙ ስታርት መጫን ነው።

ብልሽትን ወደ እንዲህ ያለ ሜኑ የሚልክ ሰው ዝርዝሩን በደንብ ማየት አለበት። በ«ሶኒክ 2» ኮድ ውስጥ የዞኖቹ ቁጥር ይዘላል፦ 1፣ 3 እና 9 ባዶ ናቸው፣ 2 የተሰረዘው ዉድ ዞን፣ 8 ደግሞ የተሰረዘው ሂደን ፓላስ ዞን ነው። የሂደን ፓላስ ሙዚቃ በድምፅ መሞከሪያው ቁጥር 10 ላይ እስከ ዛሬ ይሰማል፤ ዞኑ ራሱ ተሟልቶ የወጣው በ2013 በተሠራው የሞባይል ቅጂ ነው። ከሠንጠረዥ መሐል አንድ መስመር ሲነሣ ከሱ በታች ያሉት ቁጥሮች ሁሉ ስለሚዛቡ ባዶውን መስመር መተው ይቀላል። ሜኑው ግን የተጨረሱትን ዞኖች ቁጥር ለብቻው ዘርዝሮ ይያዝ። ከ0 እስከ 16 ዝም ብሎ ከቆጠረ፣ ከክራሽ የተረፈው ተጫዋች 8ን መርጦ መሬት በሌለው ዞን ውስጥ ይወድቃል፤ ቴስተሩም ያንን ምሥጢር ነው ብሎ አያልፈውም።