ትልቁን ውሻ ውሰዱ

የሄድኩት ቡችላ ልወስድ ነበር። እዚህ ሰሜን ቨርጂኒያ ከቤቴ ሃያ ደቂቃ ርቆ የካውንቲው የእንስሳት መጠለያ አለ፤ ሁላችንም ሼልተር ነው የምንለው። ቡችሎቹ ጋ ሰው ተሰልፏል። በኮሪደሩ መጨረሻ ግን አንድ ቡናማ ውሻ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። ሌሎቹ ይጮኻሉ፣ ፍርግርጉ ላይ ይንጠላጠላሉ። እሱ አንድ ጆሮውን ብቻ ወደ እኔ አዞረ።

በሩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አነበብኩ። ስሙ ሄንሪ። ዕድሜው ስድስት ዓመት። ከደቡብ ግዛቶች የመጣ። የልብ ትል አለበት። እዚህ ከገባ አራት ወሩ።

ለምን ከደቡብ እንደመጣ የነገረችኝ እዚያ በበጎ ፈቃድ የምትሠራ ሴትዮ ናት። እዚያ ብዙ ቦታ ያልተኮላሸ ውሻ ይበዛል፣ መጠለያው ይሞላል፣ ወሳጅ ደግሞ ትንሽ ነው፤ ስለዚህ በቫን እየጫኑ ወሳጅ ወዳለበት ወደ ሰሜን ያመጧቸዋል። ኤኤስፒሲኤ የተባለው የአሜሪካ የእንስሳት ተከላካይ ድርጅት እንደገመተው እ.ኤ.አ. በ2024 አሜሪካ ውስጥ 5.8 ሚሊዮን ገደማ ውሾችና ድመቶች መጠለያ ገብተዋል፤ 607,000 ያህሉ በመርፌ እንዲሞቱ ተደርጓል። ሁሉም የማይድን በሽታ ይዟቸው አይደለም። ይህንን ካወቅኩ በኋላ ወደ ቡችሎቹ ሰልፍ መመለስ አቃተኝ።

የልብ ትል ሲባል ግን ደንግጬ ነበር። ከውሻ ወደ ውሻ በቀጥታ አይጋባም፤ የምታስተላልፈው ትንኝ ናት። ትሉ በልብና በሳንባ የደም ሥሮች ውስጥ ያድጋል፣ የተቀቀለ ቀጭን ፓስታ ነው የሚመስለው። ይድናል። ሕክምናው ግን ወራት ይፈጃል። የወገቡ ጡንቻ ላይ ሦስት ጊዜ ይወጋል፣ በዚያ ሁሉ ጊዜ መሮጥም መዝለልም የለም፣ ምክንያቱም የሞተው ትል እየተሰባበረ የሳንባውን ደም ሥር ሊዘጋበት ይችላል። ሰው የሚሸሸው ይህንን ነው። መጠለያው የሕክምናውን ወጪ እሸፍናለሁ አለኝ፣ 75 ዶላር ከፍዬ ወሰድኩት። ተኮላሽቷል፣ ተከትቧል፣ በትከሻዎቹ መካከል ከቆዳው ሥር የሩዝ ፍሬ የምታህል ማይክሮቺፕ አለችው። (ቺፗ ውሻው የት እንደደረሰ አትነግራችሁም። ቁጥር ብቻ ናት የያዘችው፣ ስልካችሁ በዚያ ቁጥር ይመዘገባል፤ ስልክ ስትቀይሩ አዲሱን ካላስመዘገባችሁ ውሻው ቢጠፋ ማንም አያገኛችሁም።)

የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነበር። ሦስት ቀን ከምግብ ጠረጴዛው ሥር አልወጣም። ምግቡን የሚበላው እኔ ስተኛ ነው። በአምስተኛው ቀን ምንጣፉ ላይ ሸና፣ የጎረቤት በር ሲዘጋ ደግሞ እየተንቀጠቀጠ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። እውነቱን ልናገር፣ ልመልሰው ስልክ አንስቼ ነበር። ያቺው ሴትዮ ናት ያነሳችው። «ሦስት ቀን፣ ሦስት ሳምንት፣ ሦስት ወር» አለችኝ። በሦስት ቀን ፍርሃቱ ትንሽ ይለቀዋል፣ በሦስት ሳምንት የቤቱን ሥርዓት ይለምዳል፣ በሦስት ወር ቤቴ ነው ይላል። ሁሉም ውሻ በዚህ ልክ አይሄድም፣ ግን እባካችሁ በመጀመሪያው ሳምንት አትፍረዱ። በአሥራ አንደኛው ሌሊት ከሥራ ገብቼ፣ ደክሞኝ፣ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ከጠረጴዛው ሥር ቀስ ብሎ ወጣ። አገጩን ጫማዬ ላይ አድርጎ በረጅሙ ተነፈሰ። እስኪነጋ አልተነሳሁም።

በየካቲት እማዬ ከአዲስ አበባ መጣች። «ውሻ ቤት ውስጥ? ደሞ በሰው ስም ትጠሪዋለሽ?» አለች። በዚያው ቀን ስሙን ቡቺ አለችው፣ እሱም ለመደው። ፍርሃቷ ግን ስሙ ላይ አልነበረም። እኛ ሰፈር ውሻ ሲባል ቶሎ የሚመጣው እብድ ውሻ ነው። በልጅነቷ ውሻ የነከሰው ጉለሌ፣ ፓስተር ኢንስቲትዩት ይወሰድና ሆዱ ላይ በየቀኑ ይወጋ ነበር፤ ያንን ያየ ሰው እንዴት አይፈራ? አንገቱ ላይ ያለችውን የክትባት ቆርቆሮ አሳየኋት። ቨርጂኒያ ውስጥ ከአራት ወር በላይ የሆነው ውሻ ሁሉ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት መውሰድ አለበት፣ ሕግ ነው። መነጽሯን አድርጋ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አነበበች። ከዚያ «ምን ይበላል?» አለች።

እዚህ ላይ የሐበሻ ቤት ላላችሁ አንድ ነገር አደራ። ወጥ አትስጡት። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያበላሻል፣ የእኛ ወጥ ደግሞ ግማሹ ሽንኩርት ነው። የዶሮ ወጥ አጥንትም አይሆንም፤ የበሰለ አጥንት ሲሰበር ስለት ነው፣ አንጀት ይበሳል። እማዬ ትራፊ መድፋት ጭንቅ ይላታል፣ ስለዚህ ሽንኩርቱን ከማቁላላቷ በፊት ትንሽ ሥጋ ለብቻው ትቀቅልለታለች። ያለ ጨው፣ ያለ በርበሬ። «የቡቺ» ብላ ክዳን ባለው ሰሃን ለይታ ታስቀምጣለች።

የመጨረሻውን መርፌ ከተወጋ ስምንት ሳምንት ሲሞላው ሐኪሙ አየውና «አሁን ይሩጥ» አለን። ቅዳሜ ጠዋት ሜዳ ወሰድነው። አጭሩን ገመድ ፈትቼ አሥር ሜትር የሚሆነውን አሰርኩለት። መጀመሪያ ቆሞ አየኝ። ከዚያ ሄደ፣ ጆሮዎቹ ወደ ኋላ ተኝተው፣ ገመዱ ከእጄ እየተተረተረ። እማዬ ነጠላዋን ሰብስባ ከኋላው እርምጃዋን አፈጠነች። «ቀስ በል አንተ! ኧረ ቀስ በል፣ ልብህ!»