የእማዬን ጀበና አቃንቼ ሳልኳት

በእርሳስ መሳል የጀመርኩት ቤት ውስጥ ባገኘሁት ዕቃ ነው። ቁልፍ፣ መቀስ፣ ሲኒ፣ ያረጀ ጫማ። ጥላ የለ፣ ቀለም የለ፤ መስመር ብቻ። ኮንቱር ይሉታል። ዕቃውን ዙሪያውን ከቦ መተው ግን አይደለም። የመቀሱ አንዱ ስለት በሌላው ላይ የሚያልፍበት፣ የጫማው ቆዳ የተሸበሸበበት፣ እሱም ጠርዝ ስለሆነ ይሰመራል።

ብዙ ወጪ የለውም። አንድ ኤችቢ እርሳስ፣ መቅረጫ፣ ተራ የኤ4 ወረቀት። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ በፕላስተር ለጥፉት፣ እንዳይንሸራተት።

ሲኒ አንድ ሳምንት ፈጀብኝ። አፉን ስስል እንደ ዓይን ግራና ቀኝ ሹል ጥግ አወጣለት ነበር። ሲኒ ጥግ የለውም፤ ዳሩም ላይ ይዞራል። ታቹን ደግሞ ጠረጴዛ ላይ ስለተቀመጠ ብዬ ቀጥ ባለ መስመር እዘጋው ነበር። ከፍ ብላችሁ ስታዩት ግን የታቹ ክብ ከአፉ ክብ የበለጠ የተከፈተ ነው። ይህቺን ከያዛችሁ ብርጭቆም ድስትም አያስቸግራችሁም።

ያበላሸሁት ጀበናዋን ነው።

የእማዬ ጀበና አንገቷ ወደ ግራ ያዘነበለ ነበር። አፏ በአንድ ወገን ተሸርፏል። እጀታዋ ከሆዷ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ሸክላ ሠሪዋ ጭቃውን በአውራ ጣቷ የተጫነችበት ትንሽ ጎድጓዳ ነበር። ጣቴን ሳስገባበት ልክክ ይላል። መጀመሪያ የሳልኳት እንዲሁ እንዳለች ነው።

ያኔ አጭር የስዕል ኮርስ እማር ነበር። አስተማሪው ስዕሉን አየና «ጀበና እንዲህ አይጣመምም» አለኝ። መሃሉ ላይ በማስመሪያ አስምር፣ ግራና ቀኙን እኩል አድርግ። ላጲስም አቀበለኝ። እሱ ጀበናዋን አይቷት አያውቅም። እኔ በየቀኑ አያታለሁ። እሺ ብዬ አጠፋሁት። ዛሬም የሚያንገበግበኝ ያ እሺታዬ ነው።

ሦስት ሳምንት አቃናኋት። ወረቀቱ በላጲስ ብዛት እስኪሳሳ ድረስ። ሽራፊውን ሞላሁት፤ ጎድጓዳውን ዘለልኩት። በመጨረሻ የወጣችው በየቡና ቤቱ ማስታወቂያ ላይ ያለችው ጀበና ናት። ለእማዬ ሳሳያት «ታምራለች» አለች። ቀጥላ «የማን ናት?» ብላ ጠየቀችኝ።

ከዚያ በኋላ ነው ወረቀቱን ሳያዩ መሳልን የሞከርኩት። ዓይናችሁን አንድ ጠርዝ ላይ ታሳርፋላችሁ። እዚያ ጠርዝ ላይ ጉንዳን እየሄደች ነው በሉ። ዓይናችሁ በእሷ ፍጥነት ይሄዳል፤ እርሳሱም አብሮ። ወረቀቱን ማየት ክልክል ነው። አንድ ጀበና አሥር ደቂቃ ይወስዳል። የወጣው ስዕል መስመሩ አልገጠመም፣ እጀታው ከሆዱ ርቆ ቀረ። አንገቱ ግን ወደ ግራ አዘንብሏል። ጎድጓዳዋም አለች።

ሌላ ልደግም ስል ጀበናዋ ከማቶቷ ላይ ወድቃ ተሰበረች። ሸክላ ነው፣ ይሰበራል። እኔ ዘንድ የቀረው ያ ያልገጠመው ስዕልና አንድ ክምር የተቃኑ ጀበናዎች ናቸው። የመጀመሪያውን፣ ልኳን የያዘውን፣ በገዛ እጄ አጥፍቼዋለሁ።

ስለዚህ በስሱ ጀምሩ፣ እያጠፋችሁ አስተካክሉ ቢሏችሁ እኔ አልስማማም። ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ወራት ላጲሱን ሌላ ክፍል አስቀምጡት። መስመሩ ከተሳሳተ ትክክለኛውን አጠገቡ አስምሩ፤ ስህተቱም እዚያው ይቆይ። አስተማሪ ስዕላችሁን ሊያርም ሲመጣ መጀመሪያ ዕቃውን አሳዩት። ሳያይ የሚያርም ከሆነ እርሳሱን አትስጡት።

አሁን ቤት ያለውን ዕቃ በየተራ እየሳልኩ ነው። ከተሸረፈውና ከተጣመመው እጀምራለሁ። ዛሬ ተራው ጆሮው የተነቀለው ድስት ነው።