የካያኬ ሆድ ደረቀ (ከሞላ ጎደል)

እንዴት ናችሁ ጓዶች። ባለፈው ቅዳሜ ከደሴ ወረድ ብሎ ያለው ሐይቅ ላይ ካያኬን (በመቅዘፊያ የሚነዳ ጠባብ ጀልባ ነው) ስቀዝፍ አርፍጄ ስመለስ የኋላውን የዕቃ ማስቀመጫ ክዳን ከፈትኩት። ውስጡ ያነጠፍኩት ሶፍት ደረቅ ነው። ለሌላ ሰው ምንም ላይመስለው ይችላል። እኔ ግን በዚህ ክዳን ምክንያት ስንት በሶ ረጥቦ እንደተደፋ ስለማውቅ ዛሬ ትንሽ ልኩራ።

ስለ ካያኩ ብዙ አልልም። ሁለተኛ እጅ ነው፤ ከአዲስ አበባ በአይሱዙ ጭነት ላይ ተደርቦ ደሴ ገባ። ከላዩ የሚቀመጡበት ዓይነት ነው፣ ፖሊኢታይሊን ከሚባለው ወፍራም ፕላስቲክ የተሠራ። ሚዛን መጠበቁም መቅዘፉም ከምታስቡት በላይ ቶሎ ይለመዳል። ቀጥ ብላችሁ ተቀመጡ፣ ነፋስ ሳይነሳ ተመለሱ፣ የሕይወት ጃኬት አታውልቁ፤ በቃ። ከዓሣው ቆሮሶ በትል ይያዛል፣ አምባዛ ትዕግሥት ይፈልጋል፣ ስለሱ ሌላ ቀን። ዛሬ ወሬዬ ክዳን ነው።

ካያኩ ሲመጣ የክዳኑ ዙሪያ በሲሊኮን ተለጥፎ ነበር። የቀድሞው ባለቤት ላይ በላዩ ሲደርብበት ኖሯል። ጫፉን በጥፍሬ ያዝ አድርጌ ስስበው ሳይበጠስ ሙሉ ዙሩን ተልጦ መጣ። ፖሊኢታይሊን ላይ ሲሊኮን አይዝም፤ አብዛኛው ማጣበቂያም እንደዚያው። ሲሊኮን ለመስኮትና ለሻወር ቤት ይሁን። ካያክ ላይ ሲሊኮን ቀባ የሚላችሁ ሰው ካያክ የለውም።

የሚያስፈልገው የሚጨመቅ ጎማ ነው። ስፖንጅ ሁሉ ደግሞ አንድ አይደለም። የፍራሽ ስፖንጅ ቀዳዳዎቹ እርስ በርስ ስለሚገናኙ ውሃ ይጠጣል፤ ክዳኑ ስር ብታደርጉት ውሃውን ራሱ ተሸክሞ ያስገባላችኋል። እያንዳንዷ የአየር ከረጢት ለብቻዋ የተዘጋችበት ዓይነት ነው የሚፈለገው። መለያው ቀላል ነው፦ ትንሽ ቁራጭ ውሃ ውስጥ ጨምቃችሁ ልቀቁት፣ ካወጣችሁት በኋላ እንደገና ጭመቁት። ከተንጠባጠበ አትግዙ። እኔ የመኪና በር ጎማ ላይ ነው የረጋሁት፣ ውስጡ ባዶ የሆነው ክቡ። ደሴ ያገለገለ መለዋወጫ የሚሸጡ ልጆች ጋ አይጠፋም። የፍሪጅ በር ጎማም ሞክሬያለሁ፤ ውስጡ ያለው ማግኔት ስለሚያደነድነው ጥግ ላይ አልታጠፍ አለኝ።

ጎማውን ክዳኑ ላይ ለመያዝ ማስቲሽ ይበቃል፣ ግን ፕላስቲኩን አዘጋጁት። በአልኮል ጥረጉት፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉት፣ ከዚያ የእሳት ነበልባል ሳያቀልጠው ቶሎ ቶሎ አሳልፉበት። እሳቱ የላይኛውን ገጽ ስለሚለውጠው ማጣበቂያ መያዝ ይጀምራል። ማስቲሹን የምትከፍቱት እሳቱ ከጠፋና ፕላስቲኩ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው፤ ጋዙ ይነዳል። የጎማው ሁለት ጫፍ የሚገናኝበትን ቦታ ደግሞ በሰያፍ ቁረጡት። ውሃ የሚዘጋው ማስቲሹ አይደለም፣ የጎማው መጨመቅ ነው። ቫዝሊን የሚቀቡም አሉ። ተዉት፣ ቫዝሊን ብዙውን ጎማ ያሳብጣል።

ቀጥሎ በጣም የምወደው የጠመኔ ፈተና አለ። ክዳኑ የሚቀመጥበትን ከንፈር ዙሪያውን በነጭ ጠመኔ ቀባሁት። ክዳኑን ዘግቼ ማሰሪያውን ጠበቅ አደረግሁና ከፈትኩት። ጥቁሩ ጎማ ላይ ነጭ መስመር ይታተማል፤ መስመሩ የተቋረጠበት ቦታ የውሃው በር ነው። የኔ በግራ በኩል፣ ማጠፊያው አጠገብ፣ አራት ጣት ያህል ምንም ነጭ አልነካውም። የስልክ መብራት አብርቼ በጎን ሳየው ከንፈሩ ወደ ታች ሰርጎ ኖሯል። መኪና ላይ ሲጫን የሚታሰርበት ገመድ የሚያልፈው እዚያው ላይ ነው። ፀሐይ ያለሰለሰው ፕላስቲክ ላይ ገመድ ጠብቆ ከዋለ ይጎብጣል። ከካላማዳሪ ስስ ቁራጭ አወጣሁ፣ ሁለቱን ጫፍ በምላጭ አሳሳሁና ከጎማው ስር ደረብኩት። እንደገና ጠመኔ። መስመሩ ዞሮ ገጠመ።

አበቃ ብዬ ወረድኩ። ውሃው ረግቶ ውሏል፣ ማዕበል የለ፣ ክዳኑን ያረጠበው ከመቅዘፊያው የሚንጠባጠበው ብቻ ነው። ስከፍተው ሶፍቱ በስብሷል! እንዲያውም ጎማው ካማረ በኋላ ባሰበት ማለት ይቻላል። እውነቱን ለመናገር ያን ቀን ካያኩን ልሸጠው አስቤ ነበር።

ፍንጩ የተገኘው ከመንገዱ ነው። ደሴ ግቢ ውስጥ ክዳኑን ዘግቼ ጫንኩት። ሐይቅ ደርሼ ልከፍተው ስል እምቢ አለ። በግድ ስፈለቅቀው እስስስ ብሎ አየር ሳበ፣ ወደ ውስጥ ገብቶ የነበረው የካያኩ ሆድም ዷ ብሎ ተመለሰ። ለሰፈራችን መካኒክ ስነግራቸው ሳቁብኝ። “አንተ ልጅ፣ ጄሪካን ፀሐይ ላይ አስጥተህ፣ ከድነህ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ብትነክረው ምን ይሆናል?” አሉኝ። ይጨማደዳላ ጋሼ። “ታዲያ ያንተው ጄሪካን አይደለም ወይ?” ነው እንግዲህ፣ ፕላስቲኩም አንድ ዓይነት።

ሒሳቡን ሠራሁት። ካያኩ ዳር ላይ ፀሐይ ሲመታው ውስጡ ያለው አየር 40 ዲግሪ ደረሰ እንበል፤ ሐይቁ ውስጥ ሲገባ ወደ 20 ይወርዳል። አየር የታፈነበት ቦታ ካልተለወጠ ግፊቱ 6 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። በኛ ከፍታ ይሄ 50 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ውሃ የሚጫነውን ያህል ነው። ሆዱ ትንሽ ስለሚሰረጉድ የተወሰነውን ያቃልለዋል፣ ቢሆንም ክዳን ላይ የሚያልፍ ተራ ማዕበል ከዚህ ጋር ምን ይወዳደራል? በዚያ ላይ ቁልቁለቱ አለ። በኛ ከፍታ በየ100 ሜትሩ ስንወርድ የውጭው ግፊት 10 ሴንቲ ሜትር ውሃ የሚጫነውን ያህል ይጨምራል፤ ደሴ ላይ የተዘጋ ክዳን ሐይቅ እስኪደርስ ድረስ ይህንንም ይሸከማል። ስለዚህ ከመቅዘፊያ የወረደች ጠብታ ጎማው ጠርዝ ላይ ካረፈች ሆዱ ራሱ ነው የሚጠጣት። ክዳኑ በደንብ በገጠመ ቁጥር አየር የሚገባበት ሌላ ቦታ ስለሌለ እዚያችው ጠብታ ያለችበት ላይ ይስባል። ለዚህ ነው የባሰበት።

መፍትሔው ካያኩ እንዲተነፍስ ማድረግ ነው። አንደኛ፣ በጭራሽ ዘግቼ አልጭንም። ሁለተኛ፣ ዳር ስደርስ ክዳኑን ከፍቼ ካያኩን ውሃው ላይ አንሳፍፈዋለሁ። ትል ሳዘጋጅ፣ ገመድ ስፈታ፣ ከዓሣ አጥማጆቹ ጋር ወሬ ስቀድ ሆዱ ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ እዘጋለሁ። ሦስተኛው ደግሞ ከእጀታው ስር፣ ውሃ በማይደርስበት ከፍታ፣ በትራፓኖ የበሳሁት ትንሽ ቀዳዳ ነው። የግሉኮስ ቱቦ ቁራጭ ሰክቼ የውጭውን ጫፍ ወደ ታች አጠፍኩት። አየር ይገባል ይወጣል፣ ጠብታ አይገባም። ጀልባው ከተገለበጠ በቱቦው ትንሽ ውሃ እንደሚገባ አውቃለሁ፤ ከተገለበጥኩ ግን ሐሳቤ ሶፍቱ አይሆንም።

ቀዳዳ በሳሁ ስላችሁ የምትጮኹ ትኖራላችሁ። ጠንካራ ክዳን ግዛ የሚል ምክርም ይመጣል። ገንዘብ ያለው ይግዛ፤ ካልተነፈሰ እሱም ይስባል።

ደግሞ እንዳትታዘቡኝ፣ ስልኬን አሁንም በሁለት ፌስታል ቋጥሬ ደረት ኪሴ ነው የምይዘው። በሶውን ግን ክዳኑ ውስጥ አምኜ አስቀምጣለሁ።

የቀረው የፊተኛው ክዳን ነው። ጎማው ደህና ነው፣ የፕላስቲክ ማጠፊያው ግን ተሰብሯል፤ ለጊዜው ከካላማዳሪ በቆረጥኩት ቀለበት ወጥሬ አስሬዋለሁ። ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ የምትቀዝፉ ልጆች፣ ማጠፊያ ከየት እንደምታገኙ ወይም በምን እንደምትተኩት ጻፉልኝ።